እንግሊዝኛዬ ጸበል ገባ

የቸኮለ ሰው ካለ ይለፈኝ፤ አልቀየምም። ዕድሜዬን ከበቅሎ ኋላ ኋላ ስሄድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ወሬዬም የሚሄደው በበቅሎ እርምጃ ነው። መንገድ ላይ ሣር ካየ ይቆማል።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። «ሦስተኛን ጨርሻለሁ» ብዬ ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ እውነቱ ግን ለአጨዳ ብዬ እንደወጣሁ በዚያው ቀረሁ። አጨዳውም አለቀ፣ መምህሩም ጡረታ ወጡ፣ እኔ አልተመለስኩም። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና እንግሊዝኛ ሊማር ነው ቢሏችሁ መቼም ትስቃላችሁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ደነገጥኩ። አንድ ጊዜ ደንግጬ ባበቃ ደግሞ ጥሩ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስደነግጥ ነው የከረምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደባርቅ ላይ የባለ በቅሎዎች ማኅበር አለን። ተራራ ሊወጣ የመጣውን እንግዳ ድንኳኑን፣ ምንጣፉን፣ ድስቱን የሚሸከሙት የእኛ በቅሎዎች ናቸው። ሁሉም በተራ ነው። ሌላው ሰው ርስት እንዳለው ሁሉ እኛ ደግሞ ተራ አለን። የእኔ ተራ አራተኛ ነው። አራተኛ የሆንኩት በሌላ በምንም አይደለም፤ ማኅበሩ የተመሠረተ ለታ በቅሎዬን ይዤ አራተኛ ስለደረስኩ ነው። ሦስቱ የቀደሙኝም ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ነው። ቢሆንም አራተኛ ነኝ። ሰው «አራተኛው» ብሎ ሲጠራኝ ቀና እላለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራንና፣ ወረቀት አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከእንግዲህ ከእንግዳ ጋር የሚወጣ ባለ በቅሎ በእንግሊዝኛ አምስት ጥያቄ ተጠይቆ መመለስ አለበት» አለ። «ያልመለሰ ከእንግዳ ተራ ወጥቶ የእህል ጭነት ተራ ይገባል። በፈተናው ቀን ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተገኘም እንዲሁ። ሌላ ቀጠሮ የለም።»

ክው አልኩ። የእህል ጭነት ማለት ጤፍና ገብስ ጭኖ አምባራስ ድረስ መመላለስ ነው። እሱስ ባልከፋ፤ እኔም ጉልበቴም ለምደነዋል። ግን እዚያ ተራ ውስጥ አዲስ ገቢ መጨረሻ ነው። አራተኛነቴ ቀረ ማለት ነው። በሰባ ዓመቴ መጨረሻ!

እኛ እኮ እስከዚያ ቀን ከእንግዳ ጋር የምንግባባው በአካላችን ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው ለማለት ጣቶቻችንን ከላይ ወደ ታች እናረግፋለን። መንገዱ ያዳልጣል ለማለት እንንሸራተታለን። እኔማ «በቅሎዋ ትራገጣለች» ለማለት ራሴ እራገጥ ነበር። አንድም እንግዳ ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም። ሁሉም ይሸሻል።

እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ትምህርቱን ጀመርን። በሳምንት ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ አርባ ሁለት ባለ በቅሎ ይሰበሰባል። አስተማሪያችን ሰላማዊት ትባላለች። ስትወለድ እናቷን ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ በበቅሎ። አሁን እሷ ጠመኔ ይዛ ቆማ፣ እኔ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካው «አባባ፣ ደግመው ይበሉት» ትለኛለች። ከጎኔ የሚቀመጠው ወዳጄ ሰይድ ነው። ባለ በቅሎ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዳባት ገበያ ጨው ይሸጣል። ሰይድ ገበያ ለገበያ ስለኖረ አፉ ፈጣን ነው። እኔ «ማይ ኔም» ብዬ ስሜ ላይ ሳልደርስ እሱ ስሙን ተናግሮ፣ አገሩን ተናግሮ፣ ጨው ሊሸጥላት ይጀምራል።

አራቱን ጥያቄ እንደምንም ያዝነው። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሰላማዊት ፊቷ ከበድ አለና ሰሌዳው ላይ ስሙን ጻፈች። ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ነው፦ ፕረዘንት፣ ፐርፌክት፣ ኮንቲኒየስ። ይህን ያህል ዘር የሚቆጥር ነገር ቀላል እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ይሄ ማለት» አለች፣ «ድሮ የተጀመረ፣ እስካሁንም ያልቆመ ነገር የምንናገርበት ነው። እንግዳው መንገድ ላይ ሲጠይቅዎት፣ ከመቼ ጀምሮ ይህን ሥራ እየሠሩ ነው ይልዎታል። አምስተኛው ጥያቄ ከዚህ ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።»

«እኔ» አልኳት፣ «እየሠራሁ ነው ብዬ ባልፈውስ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጥያቄው፣ አባባ።»

«እሱ ምን ያደርግለታል? እየሠራሁ አይደል የሚያየኝ?»

ሰይድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «አንተ ሰው፣ ፈረንጅ ወረፋ ይወዳል። ማን እንደቀደመ ማወቅ ፈልጎ ነው» አለኝ። ይህ ትንሽ አጽናናኝ፤ ወረፋ የሚወድ ሕዝብ የአራተኛነትን ክብር ያውቃል ብዬ። ነገሩ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም። የሄደ ነገር ሄዷል፣ ያለ ነገር አለ። ሄዶም ያለ ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሰላማዊት መላ ሰጠችን። «የትም ሆናችሁ፣ ምንም እያደረጋችሁ ቢሆን፣ ድምፅ አውጥታችሁ በዚህ አነጋገር ተናገሩት» አለች። «ስትጠብቁ፣ አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ በሉ፤ ከቅድም ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። ስትሄዱ ዎኪንግ፣ ስትቀመጡ ሲቲንግ። በቀን ሃያ ጊዜ!»

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ። ጥፋቴ ያ ነው።

ጥፋቴ ሌላም አለ፤ እሱን ደብቄ ባልፍ ደግ አይሆንም። መማሬን ለባለቤቴ ለትርንጎ አልነገርኳትም። ያፈርኩበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት የሠፈራችን ሴቶች ፊደል ሊቆጥሩ ሲመዘገቡ ትርንጎም ልመዝገብ ብላኝ ነበር። እኔ ከደጃፍ ተቀምጬ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊሆንሽ ነው? ዓይንሽም ደክሟል» አልኳት። ሳትመዘገብ ቀረች። ታዲያ አሁን ከዚያ በላይ ያረጀሁት ሰውዬ ደብተር በብብቴ ይዤ በምን ፊቴ ልውጣ? «ስብሰባ አለብኝ» እያልኩ መሄድ ጀመርኩ። ደብተሩን የበቅሎዬ ኮርቻ ውስጥ ወሸቅኩት።

ሰው በማያውቅልኝ ቋንቋ ብቻዬን ማነብነብ የጀመርኩት እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው።

በመጀመሪያ የሰማችኝ በቅሎዬ ናት። ዳማ እላታለሁ። በአማርኛ ስናገራት የምትሄደው ዳማ እንግሊዝኛ ስትሰማ ጆሮዋን አቁማ ቀጥ ትላለች። አንድ ቀን ከሊማሊሞ አፋፍ ድርቆሽ ጭነን ስንመለስ አስፋልቱ መሐል «አይ ሃቭ ቢን ዎኪንግ» ብል ቆመች። ብጎትት እምቢ! ከኋላዬ የቆመ የአይሱዙ ሾፌር ጥሩምባውን አስጮኸና አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ያንሷት እንጂ!» አለኝ። የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ አላልኩም? «አይ ሃቭ ቢን ፑሊንግ» ብዬ መለስኩለት፤ እየጎተትኳት ቆየሁ ማለት ነው። ሰውየው አንገቱን መልሶ አስገባ። መስኮቱንም ዘጋ። ማምሻውን ደባርቅ ሙሉ ሰምቶ ነበር።

ቀጥሎ ጎረቤታችን አረፈና ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ዝም ብሏል። እኔም አቀርቅሬ፣ በለሆሳስ፣ «አይ ሃቭ ቢን ሲቲንግ» እላለሁ። ሐዘኑ ሲጠና ደግሞ «አይ ሃቭ ቢን ክራይንግ» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልቤ እያለቀስኩ ነበር። በቀኜ የነበሩት ሽማግሌ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደዚያ ፈቀቅ አሉ። በግራዬ የነበረው ከነወንበሩ ተነሣ። ቀና ስል ትርንጎ ከሴቶቹ በኩል ሆና ዓይኗን ተክላብኛለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ የቀብሩ ሐዘን መስሎኝ አዘንኩላት።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ነገር ተለወጠ። ትርንጎ ሳታማትብ ምግብ አታቀርብልኝም። ቀን ጋደም ብዬ ስነቃ አጠገቤ ቆማ አገኛታለሁ።

«ምነው?» እላታለሁ።

«ምንም» ትለኛለች። «ምን እያልክ ነበር?»

«ምንም።»

«እንዲያው ምንም?»

«ምንም ስልሽ!»

ይህን እየተባባልን ፈተናው ሊደርስ ሦስት ቀን ቀረው። ሰኞ ጧት ትርንጎ «እህቴ ዳባት ታማብኛለች፣ አድርሰኝ» አለችኝ። ሐሙስ ነው ፈተናው፤ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩና ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳባት ስንወርድ እህቷ መናኸሪያው ላይ ቆማ አየኋት። ጤነኛ ናት፤ ከእኔ ትሻላለች። አጠገቧ ባሏና ሁለት ክንደ ብርቱ የባሏ ወንድሞች ቆመዋል።

«እግዜር ይመስገን፣ ተሻለሽ እንዴ?» ከማለቴ ሁለቱ ሰዎች በቀኝና በግራ ክንዴን ያዙኝ። አያያዛቸው የሰላምታ አይደለም።

«አይዞህ» አለችኝ ትርንጎ፣ እንባዋ እየወረደ። «ትድናለህ።»

ከምን እንደምድን ሳይገባኝ ቁልቁል ጸበሉ ዘንድ ወረድን። ሰባት ቀን ልታስጠምቀኝ ተስላለች። ሰባት ቀን! በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሐሙስ አራተኛው ጣቴ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደደነገጥኩ አትጠይቁኝ። «ኧረ ጤነኛ ነኝ! ልቀቁኝ! ሐሙስ ጉዳይ አለብኝ! እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

የትርንጎ እህት ባል ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ነው የሚለው» አለ በርኅራኄ። «የእኔም አጎት ጤነኛ ነኝ፣ ጉዳይ አለብኝ ነበር የሚል። ሁሉም ጉዳይ አለብኝ ይላሉ።»

አጥማቂው አባ ገብሬ ይባላሉ። ረጋ ያሉ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ አባት ናቸው። ውሃው ግን ረጋ ያለ አይደለም፤ የስሜን ተራራ ብርድ እንዳለ ወርዶ እዚያ ባልዲ ውስጥ ነው የሚያድረው። አንድ ባልዲ ሲለቁብኝ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ጥያቄ ጀመሩ። እኔም ለካህን ዋሽቼ አላውቅም፤ የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት መለስኩ።

«ይህን የባዕድ አፍ የት አገኘኸው?»

«ቀበሌ አዳራሽ፣ አባ።»

ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ አጉተመተመ። ቀበሌ ያመው ብዙ ሰው ሳይኖር አልቀረም።

«ብቻህን ነህ?»

«ኧረ ብዙ ነን። አርባ ሁለት ነን።»

«ወይኔ!» አለች ትርንጎ ደረቷን ይዛ። «አርባ ሁለት! እኔ እኮ አንድ መስሎኝ ነው ሰባት ቀን የተሳልኩት!»

«አለቃችሁ ማን ይባላል?»

«ሰላማዊት።»

«ሴት ናት?» አለች ትርንጎ። ከአርባ አንዱ ሁሉ ይህችኛዋ የበለጠ ሳትከነክናት አልቀረችም።

«መቼ ትለቀዋለህ?»

«ሐሙስ ጧት ሦስት ሰዓት ደባርቅ ካደረሳችሁኝ፣ እስከ አምስት ሰዓት ያልቃል።»

አባ ገብሬ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ቀጠሮ የሚሰጥ ጋኔን ገጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። እንደገና አንድ ባልዲ አወረዱብኝና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነህ?»

«በሚያዝያ ነው የጀመርኩት።»

«መቼ ጀመርክ አላልኩም! ከመቼ ጀምሮ እስካሁን አለህ? ዛሬም አለህ፣ ትናንትም ነበርክ፣ አልወጣህም፤ ስንት ጊዜህ ነው?»

ይህን ሲሉኝ ቆሜ ቀረሁ። ብርዱን ረሳሁት። ሰላማዊት ሁለት ወር ሙሉ በጠመኔ ልታስገባው ያልቻለችው ነገር በባልዲ ገባ! ገብቶ ያልወጣ፣ ትናንትም ዛሬም ያለ፣ ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚጠየቅ። ይሄው ነው እኮ! ከነአባቱ ከነአያቱ ፊቴ ቆመ። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝና እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፣ «አይ ሃቭ ቢን ለርኒንግ ኢንግሊሽ ፎር ቱ መንዝስ!» አልኩ። መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ አሁንም እየተማርኩ ነው፣ ማለቴ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አላየሁም፤ ባልዲው በላይ በላዩ ነበር።

ማክሰኞም እንዲሁ ዋለ። ማታ ማታ ሽንብራ እየሰጠች ትርንጎ ታለቅስልኛለች፤ እኔ ሐሙስን እያሰብኩ አለቅሳለሁ። አብረን እያለቀስን፣ አንዳችን የአንዳችንን ልቅሶ አናውቅም። «ትርንጎ፣ ሐሙስ ደባርቅ ካልተገኘሁ ተራዬ ይሰረዛል» ስላት «አንተ ብቻ ዳንልኝ፣ ተራው ይቅር» ትላለች። ተራው ይቅር! ይህን ከአፏ ስሰማ ከውሃው ይልቅ ቀዘቀዝኩ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ ከአጥሩ ውጭ አንድ የማውቀው ድምፅ ጮኸ።

«ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ስዊሚንግ?» ከመቼ ጀምሮ እየዋኘህ ነው ማለት ነው።

ሰይድ ነው። ለካ ሁለት ቀን ከትምህርት ብቀር ጠይቆ ጠይቆ ደርሶብኛል። ሙስሊም ስለሆነ አክብሮ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ አፉ ግን መቆም አይችልበትም። እኔም አፌ አመለጠኝ፤ «አይ ሃቭ ቢን ስዊሚንግ ሲንስ መንደይ!» ብዬ ከሰኞ ጀምሮ መሆኑን ነገርኩት።

«ሁለተኛው መጣ!» አለ ሕዝቡ። «ከአርባ ሁለቱ አንዱ ነው! አጥሩ ላይ ነው!»

አባ ገብሬ ባልዲ በአንድ እጃቸው፣ መስቀል በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ አጥሩ ሮጡ። ሰይድ ሁለት እጁን አነሣ።

«አባ፣ እኔን እንዳያጠምቁኝ! ሰይድ ነኝ፣ የጨው ሰይድ! ቅዳሜ ዕለት ዋጋ ሲያስቀንሱኝ የዋሉት!»

አባ ባልዲውን አስቀመጡ። ሁለቱ በአጥሩ ላይ ብዙ ተነጋገሩ። ሰይድ ሲያወራ እጁ ይወራጫል፤ አንዴ እንደ በቅሎ ይሆናል፣ አንዴ እንደ ሊቀመንበር፣ አንዴ እንደ ሰላማዊት ጠመኔ ይይዛል። አባ ገብሬ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲመለሱ አየሁ፣ እየሳቁ ነው።

አንድ የጽድ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝና ጋቢ ደረቡልኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን እየነገርከኝ ነበር ለካ» አሉ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።» ቆይተው ደግሞ ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔንም እኮ እነዚያ ፈረንጆች መንገድ ላይ ያቆሙኛል። እየሳቁ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ስንት ዘመንህ ነው እዚህ ስትጸልይ የሚሉኝ ይመስለኛል። እኔ መስቀል አሳልሜ ማለፍ ብቻ ነው። እስኪ ያን ነገር ለጸሎት እንዴት ይሉታል?»

«አይ ሃቭ ቢን ፕሬዪንግ።»

«አይ ሃቭ...»

«ቢን።»

«ቢን ፕሬዪንግ» አሉ አባ ገብሬ። ጣማቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዜማ አድርገው ደገሙት፦ «አይ ሃቭ ቢን ፕሬዪንግ!»

ከኋላችን አንድ ነገር መሬት ላይ ተበተነ። ዞር ስንል ትርንጎ ቆማለች፤ የሽንብራ ቆሎው እግሯ ሥር ተዘርግፏል።

«ወየው!» አለች። «አባንም ያዛቸው!»

እስኪያስረዷት ድረስ የነበረውን ግርግር ልተወው። በኋላ ሕዝቡ ሲበተን፣ አባ ነገሩን ከሥሩ ሲነግሯት፣ ትርንጎ ሳቅም ቁጣም አልመጣባትም። ቁጭ ብላ ቆሎውን አንድ በአንድ ከመሬት መልቀም ጀመረች። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ።

«ሁለት ወር ሙሉ?» አለች ሳታየኝ።

«ሁለት ወር።»

«ስብሰባ እያልክ?»

«ስብሰባ እያልኩ።»

«እኔን ዓይንሽ ደክሟል ብለህ አስቀርተኸኝ?»

 አንዲት ሽንብራ ይዤ ቀረሁ።  ዓይኗ ደክሟል ያልኳት ሴት ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ ሆና ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታለች።

«ጥፋተኛ ነኝ» አልኳት በመጨረሻ። «አፍሬ ነው።»

የለቀመችውን ቆሎ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። «ፈተናው መቼ ነው አልክ?»

«ነገ። ሦስት ሰዓት።»

«ስለቱስ፣ አባ?»

«ሦስቱን ቀን አድርሳችኋል» አሉ አባ ገብሬ። «ይሂድና ይፈተን፤ አራቱን ከዚያ በኋላ መጥቶ ይጨርሳል። የጀመሩትን ጸበል መሐል ላይ አይተዉም።»

ሐሙስ ማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይነሣም። ስድስት ሰው ጎደለ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሾፌሩ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ ልሙት ስል ትርንጎ ወርዳ መሐል አስፋልት ቆመችና «ደባርቅ! ደባርቅ! የቀረው አንድ ሰው ነው!» ትል ጀመር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም፤ ደንግጬ አፌን ያዝኩ። ስድስቱም «አንድ» እየሆኑ ገቡ።

አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ከውስጥ ስሜ እየተጠራ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ!» ይላል ሊቀመንበሩ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተቀስሯል።

«አለሁ!» አልኩ። ጋቢዬ ገና እርጥብ ነው።

ፈታኙ ከጎንደር የመጣ ባለ መነጽር ወጣት ነው። ስሜን ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አገሬን፣ የበቅሎዬን ስም፣ ወደ ተራራው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አምስተኛው ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ እየሠሩ ነው» የሚለውን ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ቁጥሩን ከሰላማዊት ጋር ሆነን ቆጥረን ይዘነዋል። ሰውየው ግን ቀና ሲል በሩ ላይ የቆመችውን ትርንጎን አያትና ፈገግ አለ። «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ሊቪንግ ዊዝ ዩር ዋይፍ?» አለኝ።

ከሚስትዎ ጋር ከመቼ ጀምሮ እየኖሩ ነው!

ድርቅ አልኩ። ጥያቄው ገብቶኛል፤ አባባሉንም አውቀዋለሁ። የማላውቀው ዓመቱን ነው። ቆጥሬው አላውቅማ! እኔ የማውቀው ያገባኋት ለታ ግራጫዋ በቅሎ እንደነበረችን ነው። ግራጫዋ ስታረጅ ቡላዋን ገዛን። ቡላዋ ገደል ስትገባ ቀዩን። ከቀዩ ቀጥሎ ጥቁሯ፣ ከጥቁሯ ቀጥሎ ዳማ። ትርንጎን ዞሬ እንዳልጠይቃት፣ ዞሮ የጠየቀ ይወድቃል ተብሏል። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። አራተኛነቴ እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ዊዝ ማይ ዋይፍ» አልኩና የሌለኝን ቁጥር ትቼ ያለኝን ተናገርኩ፦ «ፎር ፎር ሚውልስ።»

 ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ።

«አራት... በቅሎ ነው ያሉት፣ አባባ?»

«አራት በቅሎ አልቆብናል፣ ልጄ። አምስተኛዋ ላይ ነን።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ፣ ብዙ ቆየ። «አነጋገሩ ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «በበቅሎ መቁጠር ክልክል ነው የሚል መመሪያ ደግሞ አልተሰጠኝም። አልፈዋል። ተራዎም አራተኛ እንደሆነ ይቀጥላል።»

ሰይድ ከኋላ ሲጮህ ሰማሁ። እኔ ግን ወጥቼ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ትርንጎ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ የሳቀው ምንድን ነው? ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ከአንቺ ጋር ከመቼ ጀምሮ እንደምኖር።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«አራት በቅሎ ሙሉ ከእሷ ጋር እየኖርኩ ነው፣ አሁንም አልተውኩም አልኩት።»

 ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«አርባ አንድ ዓመት ነው» አለች ቆይታ። «እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ በአማርኛ ተናግረኸኝ አታውቅም።»

እስከዚያ ቀን የደነገጥኩት ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም። አርባ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩ፤ እውነቷን ነው፣ አንድም ቀን አላልኳትም። አሁን ልበላት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ለፈታኙ ሳልንተባተብ ያልኩትን ነገር በገዛ ቋንቋዬ ልጀምረው አቃተኝ። «እኔ... ካንቺ ጋር...» አልኩና ቆምኩ። አላቡ ብቻ ይወርዳል።

ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ።

«በል ተነሥ» አለች። «ሚኒባሱ ሳይሞላ እንድረስ። ጸበሉ አራት ቀን ይቀርሃል።»

ሳይቀረኝም አይቀር።